ማታ 2:04 ላይ የሚጠፋው ሰርቨር

ሙሉ በሙሉ የተበላሸ ነገር ብዙ አያስቸግርም። ስልካችሁ ከሞተ ጠጋኝ ጋ ትወስዱታላችሁ፣ ካልዳነ ትተዉታላችሁ። ጉድ የሚያፈላው አንዳንዴ የሚሠራው ነው። አሁን አለ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የለም፣ ትንሽ ስትነካኩት ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። የቱን እንደነካችሁ ሳታውቁ «ተስተካከለ» ብላችሁ ትተኛላችሁ። በነጋታው ያው ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሕመም እኛ ሁሉን የሚጠቀልል አንድ ስም አለን፤ «ኔትወርክ ነው» እንላለን። ወረፋ ጠብቀን መስኮቱ ጋ ስንደርስ ኔትወርክ ነው፣ ገጹ አልከፍት ሲል ኔትወርክ ነው፣ የላክነው መልእክት ሳይደርስ ሲቀር ኔትወርክ ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እውነት በማይሆንበት ጊዜ ግን ይኸው ቃል ምርመራውን ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል።

ባለፈው መስከረም እዚህ ወላይታ ሶዶ አንድ ጓደኛዬ «ሰርቨሬ እየሞተብኝ ነው፣ እስቲ እየው» ብሎ ደወለልኝ። እሱና አንድ የፊዚክስ መምህር ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የመለማመጃ ጥያቄ የሚያቀርብ ድረ ገጽ አላቸው። ከሶዶ፣ ከቦዲቲ፣ ከአረካና ከገሱባ የተሰባሰቡ 300 ገደማ ተማሪዎች በስልካቸው እየገቡ ጥያቄ ይሠራሉ፣ መልሳቸው ይታረማል፣ ለተሳሳቱት ማብራሪያ ይወጣላቸዋል። በነጻ ነው።

ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ቁጥሩን ስታዩት ግን አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ደረሰ፤ ከመቶ ተማሪ ከ94 በላይ የሚሆነው አላለፈም ማለት ነው። ከተማሪዎቹ አንዷ አረካ ነው ያለችው። ስልኩ የታላቅ ወንድሟ ነው፤ ከሥራ ሲገባ ከማታ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይሰጣታል። ሰርቨሩ ደግሞ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። ለእሷ «ትንሽ ቆይተሽ ሞክሪ» የሚለው ምክር «ነገ ሞክሪ» ማለት ነው።

ስለ ማሽኑ ትንሽ ልበል። ሰርቨሩ ጀርመን አገር የተቀመጠ፣ በወር 6 ዶላር የሚከራይ፣ 1 ጊጋ ባይት ሜሞሪ ያለው የሊኑክስ ማሽን ነው። ሊኑክስ ሲባል ሩቅ የሆነ ነገር አይምሰላችሁ፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይኸው ከርነል የምታነቡበት አንድሮይድ ስልክ ውስጥም አለ። ይህን ጉዳይ ያየሁትም ግማሹን ከስልኬ፣ ተርመክስ በሚባለው አፕ ገብቼ ነው።

«ለምን ትልቅ ሰርቨር አይከራይም?» የሚል አይጠፋም። ጓደኛዬም መጀመሪያ ያሰበው እሱን ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ 6 ዶላር ማለት 342 ብር። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። እጥፍ ሜሞሪ ያለው ማሽን 12 ዶላር ነው፤ በዛሬው ምንዛሪ እናንተው አባዙት። ገንዘብ የማያስገባ ድረ ገጽ ይህን አይችልም። በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት መግዛት ደግሞ ኪሳራ ነው፤ ሜሞሪ ጨምሮ ችግሩ ሌላ ቢሆንስ?

ሩቅ ያለ ማሽን መልስ ሲያጣ ጥፋቱ ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው፦ እኛ ጋ፣ መንገዱ ላይ፣ ወይም ማሽኑ ውስጥ። ሦስቱም ስልካችን ላይ አንድ ዓይነት መልክ ነው ያላቸው። ያው የምትሽከረከረው ክብ ናት።

እኛ ጋ ያለውን ሶዶ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። መብራት ብልጭ ብሎ ሲጠፋ የቤቱ ራውተር አብሮ ይጠፋል፣ ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፣ የኔ አድራሻ ይቀየራል፣ ከሰርቨሩ ጋር የከፈትኩት መስመርም ቀጥ ይላል። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ስለማይንቀሳቀስ ሰርቨሩ የደረቀ ይመስላል፤ እሱ ግን ምንም አልሆነም። (በነገራችን ላይ ከዚሁ ከሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር 500 ኪሎ ቮልት ነው፣ 2,000 ሜጋ ዋት የመሸከም አቅም አለው፣ ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የኔ ራውተር የሚፈልገው 10 ዋት አካባቢ ነው። ይህን እያሰብኩ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ።) ለዚህኛው መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቲ-መክስ የሚባል ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ይጫናል፤ መስመሩ ቢቋረጥም የጀመራችሁት ሥራ እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ይቀጥላል፣ ስትመለሱ ካቆማችሁበት ታገኙታላችሁ።

መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው። ከሶዶ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ በባሕር ሥር ገመድ አውሮፓ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ውጭ ያሉት ሰርቨሮች እዚያው እየሠሩ ነበር፤ የተዘጋው መንገዱ ነው። መንገዱን ከማሽኑ ለመለየት እዚህ ተቀምጦ ደጋግሞ መሞከር ዋጋ የለውም። ሌላ መንገድ ላይ የቆመ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ገጻችንን ከውጭ አገር በየደቂቃው እየከፈተ የሚሞክር ነጻ አገልግሎት አለ፤ እሱን አስገባንበት። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፦ ገጹ ሲጠፋ እሱም አላገኘውም። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ጥፋቱ የኢትዮጵያ መንገድ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። ገጹ በጠፋባቸው ደቂቃዎች ፒንግ ስንልክ መልስ ይመጣል። ፒንግ በ1983 እ.ኤ.አ. ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ በአንድ ምሽት የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ «አለህ?» ይላል፣ ማሽኑም «አለሁ» ይላል። ጓደኛዬ ይህን አይቶ «በቃ ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ኔትወርኩ ነው» ብሎ ደምድሞ ነበር። ነገር ግን ለፒንግ የሚመልሰው ከርነሉ ራሱ ነው። ድረ ገጹን የሚያዘጋጁት ፕሮግራሞች ትንፋሽ አጥሯቸው ቢወድቁ እንኳ ከርነሉ «አለሁ» ይላል። በረኛው መልስ ሰጠ ማለት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ደህና ነው ማለት አይደለም።

ቀጣዩ ጥያቄ ሰዓት ነበር፤ ከሁሉም ብዙ ጊዜ የበላንም እሱ ነው። የሰርቨሩን ማስታወሻ፣ ሎግ የሚባለውን፣ ጓደኛዬ ቀድሞ አይቶታል። አንድ ክፉ ነገር 17:04 ላይ ተጽፏል። 17:04ን በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11:04 ብሎ አነበበው፤ ፈረንጅ አሥራ ሰባት ሲል እኛ አሥራ አንድ እንላለንና። በዚያ ሰዓት ደግሞ ገጹ ላይ ሰው የለም፣ ተማሪው ገና ከትምህርት ቤት እየተመለሰ ነው። «ሰው በሌለበት ስለሚሞት የሰው ብዛት አይደለም» አለና አንድ ሳምንት ሙሉ የ11 ሰዓቱን ጥላ ሲያባርር ከረመ።

ሰርቨሩ ግን የሚጽፈው በዩቲሲ ነው። እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ከዚያ ደግሞ የኛ ሰዓት ከፈረንጁ በ6 ይለያል። አቋራጩ፦ ከዩቲሲው 3 ቀንሱ፣ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱ። 17 ሲቀነስ 3፣ 14፤ ሲቀነስ 12፣ 2። ማታ 2:04። ይህ ስሌት ሌላ ቦታም ያድናችኋል። ብዙ ሰርቨሮች ከባድ ሥራቸውን፣ መጠባበቂያ መገልበጥ የመሳሰለውን፣ እኩለ ሌሊት ላይ እንዲሠሩ ይታዘዛሉ፤ ሰው ተኝቷል ተብሎ። ሰዓቱ በካሊፎርኒያ በተሞላ ማሽን ግን የነሱ እኩለ ሌሊት በበጋቸው ለኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ ሱቁ በሙሉ የተከፈተበት ሰዓት።

ከዚያ በኋላ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛን። ተማሪዎቹ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ቲቸር አይከፍትም» ባሉ ቁጥር ሰዓቱን፣ ከተማውን፣ በዋይፋይ ይሁን በሞባይል ዳታ ጽፈን እንይዛለን። አሰልቺ ነው፣ ግን ከየትኛውም ሶፍትዌር ይልቅ ብዙ የነገረን እሱ ነው። ለምሳሌ በጊፋታ ሳምንት ማታ ማታ አንድም ቅሬታ አልተጻፈም። የዘመን መለወጫ ነው፣ ማን ተቀምጦ ፊዚክስ ይሠራል? ሰው ሲቀር በሽታውም አብሮ ቀረ።

ጓደኛዬ አንድ የማይለቀው ልማድ ነበረው። ገጹ ሲጠፋ ከአከራዩ አፕ ላይ «ሪስታርት» የሚለውን ይጫናል። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ሁሉም ነገር ይነሳል፣ እሱም ይረጋጋል። «አትንካው» አልኩት። «ልጆቹ እየጠበቁ አይደለም እንዴ?» አለኝ፣ እውነቱን ነው። ነገር ግን ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ማለት ሐኪሙ ሳይደርስ ሬሳውን አጥቦ መቅበር ነው። በዚያች ደቂቃ ሜሞሪውን ማን ይዞት እንደነበር፣ የትኛው ፕሮግራም እየጠበቀ እንደነበር፣ ሁሉም ይጠፋል። አንድ ማታ ብቻ እንዲታገስ ለመንኩት። ታገሰ። ገጹ በሰባት ደቂቃ በራሱ ተመለሰ። ወዲያው ገብተን ማሽኑ ከተነሳ ምን ያህል እንደቆየ ስንጠይቀው አራት ቀን አለን። ማሽኑ ሞቶ አያውቅም ማለት ነው።

ከዚያ ጥቁር ሳጥን አስቀመጥንለት፤ አውሮፕላን ላይ እንዳለው። በየደቂቃው የሜሞሪውን ሁኔታ፣ ወረፋ የያዙትን ሥራዎች ብዛትና ብዙ የሚበሉትን አሥር ፕሮግራሞች እየጻፈ ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥ አምስት መስመር ጽሑፍ ነው። ይህን ቀድሞ ማድረግ ግድ ነው፤ ችግሩ በተፈጠረበት ደቂቃ ለመግባት ብትሞክሩ ሰርቨሩ እናንተንም አያስገባም፣ ሲያስገባችሁ ደግሞ ድኗል።

በሚቀጥለው ማታ 2:04 ላይ የተጻፈው ሁሉንም ነገር ተናገረ። ነጻ ሜሞሪ የለም። ከርነሉ ሎጉ ላይ ያሰፈረው ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሜሞሪ አልቋል፤ ይህን ፕሮግራም ገድዬዋለሁ» የሚል ነው። የተገደለው ዳታቤዙ ነበር።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፣ ይህን ሳነብ የሳቅኩትም ለዚያ ነው። ሊኑክስ በሜሞሪ ጉዳይ ልክ እንደ ባንክ ነው የሚሠራው። ባንክ ያስቀመጥንበትን ብር ሁሉ ካዝና ውስጥ አያቆይም፤ ያበድረዋል። ሁላችንም በአንድ ቀን አንመጣም ብሎ ይተማመናል። ሊኑክስም ፕሮግራሞች ሜሞሪ ሲጠይቁት በእጁ ካለው በላይ ቃል ይገባል፤ አብዛኞቹ የጠየቁትን ያህል አይጠቀሙምና። ዘዴው ጥሩ ነው፣ ትንሿን ማሽን ብዙ ያሠራታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ «የኔን አምጣ» ያሉ ቀን ግን ካዝናው ባዶ ነው። ባንክ በሩን ይዘጋል። ከርነሉ ደግሞ አንዱን መርጦ ይገድላል፤ በአብዛኛው ብዙ ሜሞሪ የያዘውን። ዳታቤዙ ጥፋተኛ ስለሆነ ሳይሆን ትልቅ ስለሆነ ተመታ። ሲስተም-ዲ የሚባለው ተቆጣጣሪ ደግሞ አገልግሎት ሲወድቅ መልሶ እንዲያነሳ ታዟል፤ አነሳው። አንዳንዴ የሚጠፋውና በራሱ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ታዲያ ካዝናውን ማን አራቆተው? ሒሳቡን እንሥራ። ከ1,024 ሜጋ ባይት ውስጥ ሥርዓቱ 200፣ ዳታቤዙ 300 ገደማ ይይዛል። 500 ተረፈ። ገጹን የሚያዘጋጁት የፒኤችፒ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 45 ሜጋ ያህል ይበላሉ። 500 ለ45፣ አሥራ አንድ። ጓደኛዬ ከአንድ መመሪያ ላይ የቀዳው ቅንብር ግን እስከ 50 ሠራተኛ ይፈቅዳል። 50 ሠራተኛ 2,250 ሜጋ ነው። ከሙሉ ማሽኑ እጥፍ በላይ። መመሪያውን የጻፈው ሰው ትልቅ ማሽን ይዞ ነበር ማለት ነው።

ቀን ቀን ሦስትና አራት ሠራተኛ ይበቃል፣ ማንም አያስተውልም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ግን መምህሩ ግሩፑ ላይ «አዲስ ጥያቄ ወጥቷል» ብሎ ሊንኩን ይለቃል። 300 ስልክ በአንድ ጊዜ ይጮኻል። ሁሉም ይጫናሉ። ገጹ ሲዘገይ ደግሞ ሁላችንም የምናደርገውን ያደርጋሉ፣ ሪፍሬሽ። ሰርቨሩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ገና ሳይጨርስ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይመጣበታል። ባንኩ በር ላይ የተሰለፈው ሰው ራሱን ሦስት አድርጎ እንደመሰለፍ ነው።

ያደረግነው ሠራተኛውን ከ50 ወደ 10 ማውረድ ነው። ጓደኛዬ አልዋጥ አለው። «ሰው በዛ እያልኩህ ሠራተኛ ትቀንሳለህ?» አለኝ። አዎ። ማሽኑ ሲጨናነቅ አንድ ገጽ ለማዘጋጀት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ጤነኛ ሲሆን 0.2 ሰከንድ። 10 ሠራተኛ በ0.2 ሰከንድ ማለት በሰከንድ 50 ገጽ ነው። 300 ተማሪ በ6 ሰከንድ ይስተናገዳል። የቀረው በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቅ፤ 6 ሰከንድ መጠበቅ ማንንም አልገደለም። ከዚህ ሌላ ለክፉ ቀን ከዲስኩ ላይ 1 ጊጋ መጠባበቂያ ሰጠነው፤ ዝግተኛ ነው፣ እንደ ሱቅ ዱቤ ቁጠሩት። መምህሩም ሊንኩን ለአራት ክፍል ተማሪዎች በአምስት አምስት ደቂቃ ልዩነት መላክ ጀመረ። ለዚህኛው ምንም አልተከፈለም።

የማታው ሁለት ሰዓት ጉድ በዚያው ቆመ። ደብተሩ ላይ ግን ሌላ ዓይነት ቅሬታ ቀርቶ ነበር፤ ቀን ቀን፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ብቻ። ከውጭ የሚሞክረው አገልግሎት በዚያ ሰዓት ገጹን ያገኘዋል፣ የተማሪዎቹ ሞባይል ዳታም ያገኘዋል፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት 40 ልጆች ግን አያገኙትም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይከፈታል። ሁለት በሽታ በአንድ ስም ሲጠራ እንደነበር ያወቅነው እዚህ ላይ ነው።

አሥር ደቂቃ የሚለው ቁጥር አጋለጠው። ሰርቨሩ ላይ ፌይል-ቱ-ባን የሚባል ጠባቂ አለ፤ የይለፍ ቃል እየገመተ ሊገባ የሚሞክርን ሌባ አድራሻውን አይቶ ያግዳል። ከአምራቹ ሲመጣ ልኩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አምስት ስህተት ነው፣ ቅጣቱም አሥር ደቂቃ። ለአንድ ሰው ልክ ነው። ችግሩ ያንን ክፍል የሚጠቀሙት 40 ልጆች ከውጭ ሲታዩ አንድ አድራሻ ነው ያላቸው። የድሮው የአይፒ አድራሻ በዓለም ላይ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው አንዱን ይጋራል፤ የሞባይል ዳታ ተጠቃሚዎችም እንዲሁ። ከ40 ልጆች አምስቱ የይለፍ ቃላቸውን አንድ አንድ ጊዜ ቢስቱ ጠባቂው «ሌባ መጣ» ብሎ ክፍሉን በሙሉ ያስወጣል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሆኖ «ሰርቨሩ ሞቷል» የማይል የለም። ቆጠራውን ከአድራሻ ወደ ተጠቃሚ ስም አዞርነው፤ የሳተው ልጅ ብቻ ትንሽ ይጠብቃል።

አሁን ደብተሩ ላይ ያልተሰረዙ ሁለት መስመሮች ቀርተዋል። ሁለቱም ከገሱባ ናቸው፣ ሁለቱም በሞባይል ዳታ፣ ሁለቱም ማክሰኞ ከማታው 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ። ጥቁር ሳጥኑ በዚያ ሰዓት ሰርቨሩ ሥራ ፈትቶ መቀመጡን ነው የሚያሳየው። ገሱባ ያለው ልጅ በሚቀጥለው ማክሰኞ በዚያ ሰዓት ፒንጉን ከፍቶ እንዲጠብቅ ተነጋግረናል።